የኮምቦልቻው ቤት ምስክር

መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ዚፑ የተበጠሰበትን ሻንጣ ታቅፎ ግራ የገባው ሐጃጅ ብታዩ፣ ባለሱቆቹ በእጃቸው የሚጠቁሙት አንድ ቦታ ነው፤ ከሆቴሎቹ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር። እዚያ ጉጠት፣ ሰምና ወፍራም መርፌ ዘርግተው የሚቀመጡ ቀጭን ሽማግሌ አሉ። የኢንዶኔዥያው ሻንጣ፣ የናይጄሪያው ሻንጣ፣ ሁሉም በሳቸው እጅ ያልፋል። ስማቸው ሐሩን እንድሪስ ነው። ሰፈሩ «ዓም ሐሩን» ይላቸዋል፤ አጎቴ ሐሩን እንደማለት ነው።

እኔ ሱልጣን እባላለሁ። ሾፌር ነኝ፤ ከመካ ጅዳ፣ ከጅዳ መካ ሰው አመላልሳለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ያልሰማሁት ወሬ የለም፤ አብዛኛውንም አላምነውም። ስለ ዓም ሐሩን የማወራችሁ ግን የሰው ወሬ አይደለም፤ አብሬ የነበርኩበት ነው። ሰውየውን እወዳቸዋለሁ ስል ደግሞ ተናድጄባቸው አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። አሁንም አንዳንድ ቀን ያናድዱኛል።

ዓም ሐሩን እዚሁ መካ ተወልደው እዚሁ ሸበቱ። አባታቸው ከቃሉ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ወሎዬ ነበሩ። ልጃቸው አገር ቤትን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አማርኛቸው የአባታቸው አማርኛ ስለሆነ፣ ዛሬ ደሴ ላይ እንኳ የማይሰማ ቃል አንዳንዴ ያወጣሉ። ኢቃማቸውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ እንደማናችንም ጊዜው ሲደርስ ያሳድሳሉ። በተወለዱበት ከተማ የውጭ አገር ሰው ሆኖ ማርጀት ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ለምጄዋለሁ» ብለው ዚፓቸውን መሳብ ቀጠሉ።

ሁለተኛ ሥራ አላቸው፤ ገንዘብ የማይከፈልበት። ምስክርነት። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ የመጡት ልጆች እዚህ ሲጋቡ ኒካሓቸው የሚታሰረው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሸህ፣ የልጅቷ አባት በስልክ፣ ሁለት ምስክር፣ ጥቂት ተምር፣ አለቀ። ወረቀት የለም፤ አንደኛው ወገን ወይም ሁለቱም ኢቃማ ስለሌላቸው ከሳዑዲዎቹ ወረቀት ለማውጣት የሚሄዱበት ደጅ የለም፤ ጅዳ ወዳለው ቆንስላችን ለመሄድም መያዝን ይፈራሉ። ትዳራቸው ተጽፎ የተቀመጠው በምስክሮቹ ልብ ብቻ ነው። እንግዲህ ምስክሩ ማነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መንሱርና ሩሰይፋ በሚባሉት የመካ ሰፈሮች ውስጥ «ምስክሩ ዓም ሐሩን ናቸው» ከተባለ ግን ሌላ ጠያቂ አይኖርም።

አመሰካከራቸው የራሱ ወግ አለው። ኒካሑ ከመታሰሩ በፊት ሙሽራይቱ ካለችበት ክፍል በር ላይ ይቆሙና፣ «ልጄ፣ ወደሽ ነው?» ይላሉ። ሌላው ሰው ልጅቷ ዝም ካለች እሺታ ነው ብሎ ያልፋል፤ እሳቸው አያልፉም። በአፏ እስክትናገር በሩ ላይ እንደቆሙ ይጠብቃሉ። ሸሁ ይቸኩላል፣ ሙሽራው ያልበዋል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ ልጅቷ በመጨረሻ «አልወደድኩም» ብላ፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ ሩዙን በልቶ ሳይጋቡ ተበትኗል።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣባቸው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አባታቸው ያኔ ሚስፈላ ላይ ቤት ገዝተው ነበር። የውጭ ሰው መካ ላይ ቤት በስሙ ማድረግ ስለማይችል፣ ወረቀቱ የወጣው በአንድ ሳዑዲያዊ ወዳጃቸው ስም ነው። ወዳጅየው ጨዋ ሰው ነበር፤ ሁለት ምስክር አስቀምጦ፣ «ቤቱ የእንድሪስ ነው፤ የኔ ስሜ ብቻ ነው» ብሎ ተናገረ። ከዓመታት በኋላ እሱም ሞተ፣ ከምስክሮቹም አንዱ ሞተ። ወራሾቹ ወረቀቱን ይዘው መጡ። በሕይወት የቀረው ምስክር የአባታቸው የልብ ጓደኛ ነበር፤ ዳኛው ፊት ቆሞ «አላስታውስም» አለ። የሚሠራው ለወራሾቹ ነበርና እንጀራዬ ይቀርብኛል ብሎ ፈራ። ቤቱ በዚያው ሄደ፤ ኋላም ሰፈሩ ሲነሳ ፈረሰ። ሐሩን ያን ቀን ገና ጎረምሳ ሆነው ከአባታቸው ጎን ቆመው ነበር።

«አባዬ ለቤቱ አላለቀሰም» ብለውኛል። «ያለቀሰው ለሰውየው ነው።»

እንግዲህ ወደ ፎዚያ ልምጣ። ፎዚያ የሐርቡ ልጅ ናት፤ ሩሰይፋ ውስጥ በአንዲት መዳም ቤት ለዓመታት ሠርታለች፣ ኢቃማዋ የተስተካከለ ነው። እናቷ ከአባቷ ከተለያዩ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ነው ያረጁት። ባለፈው ክረምት የመጨረሻው አከራይ ልጄን ልድርበት ነው ብሎ ዕቃቸውን ደጅ አወጣባቸው፤ ፍራሻቸው ዝናብ ላይ ሲበሰብስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለፎዚያ በስልክ ደረሳት። ያን ቪዲዮ ለኔም አሳይታኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ ልጅ ከቤት በቀር ሌላ ነገር አታወራም።

ባሏ አብዱ ይባላል። በዑምራ ቪዛ ገብቶ የቀረ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ሲገኝ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ሲጠፋ መንሱር ካለችው ክፍሉ አይወጣም። ዝምተኛ ነው። ሲጋቡ ምስክሮቹ ዓም ሐሩንና እኔ ነበርን፤ እኔ እንኳ ሙሽራውን በመኪናዬ ይዤ ስመጣ «አንተም ግባ» ተብዬ ነው።

ወንድሟ ኮምቦልቻ ላይ ቤት አገኘላት። ባለ ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ገና ያልተሠራ፣ ካርታ ግን ያለው። ሻጩ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ስለሆነ ቶሎ መፈራረም ይፈልጋል። ፎዚያ መሄድ ስለማትችል ጅዳ ካለው ቆንስላ ለወንድሟ ውክልና መላክ ነበረባት፤ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ግን ቤት የሚገዛ ሰው ያገባ ነው ወይስ ያላገባ የሚለው መታወቅ አለበት። ያላገባች ከሆነች ሁለት ምስክር ይዛ ትቀርባለች፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ያገባች ከሆነች ደግሞ ባልየው ፓስፖርቱን ይዞ ራሱ መቅረብ አለበት፤ ኒካሑን ያዩት ምስክሮችም አብረው። አብዱ ደግሞ ኢቃማ የሌለው ሰው ነው። ከመካ መውጣቱ ብዙ አያስቸግርም፤ ወደ መካ መመለሱ ግን በፍተሻ ነው። የተገኘ ይታሰራል፣ ወደ አገሩም ይጠረዛል።

ስለዚህ ሁሉም የመከራት አንድ ነገር ነው። ያላገባሁ ነኝ በይ፣ አብዱ ክፍሉ ይቀመጥ፣ ቤቱን ግዢ። እኔም የመከርኳት ይህንኑ ነው። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ሰው ደግሞ ሰው ነው።

ፎዚያ ወደ ደረጃው ሥር የመጣችው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። የመኪናዬን ወንበር ልብስ እንዲሰፉልኝ ሰጥቼ እየጠበቅሁ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ነገሩን ቀለል አድርጋ ነው ያመጣችው።

«ዓም ሐሩን፣ እሁድ ጅዳ አብረውኝ ይሄዱልኛል? ምስክር ፈልጌ ነው። አንዱ ሱልጣን ነው፣ ሁለተኛው አንቱ።»

«ለምንድነው ልጄ?»

«ለቤቱ ነው። አላገባችም ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ ኸላስ፣ እንመለሳለን።»

ዓም ሐሩን መርፌውን ሰሙ ላይ ሰክተው ቀና አሉ።

«አብዱ ፈታሽ እንዴ?»

«አዑዙ ቢላህ! ኧረ አልፈታኝም!»

«ታዲያ?»

«ለወረቀቱ ነው እንጂ። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«ኒካሕሽን የመሰከርነው እኔና ይሄ ልጅ አይደለንም?»

«ናችሁ።»

«በየትኛው አፌ ነው ታዲያ አላገባችም የምለው?»

መሐል ገባሁ። «ዓም ሐሩን፣ ወረቀት እኮ ነው። ልብን አላህ ያውቃል» አልኩ።

«አላህማ ያውቃል» አሉ። «የምጠየቀው እኔ ነኝ። እንደ አባቴ ጓደኛ ረሳሁት ልበል? አልረሳሁም።»

ፎዚያ የአብዱን ነገር ነገረቻቸው፤ ቢወጣ ሊያዝ እንደሚችል፣ ሻጩ እንደማይጠብቅ፣ እናቷ የት እንደሚያድሩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። ስትጨርስ ግን ያሉት «ሌላ ምስክር ፈልጊ፤ አልቀየምሽም» ነው። ሌላ ምስክር ከየት ታመጣለች? ኢቃማው የተስተካከለና ለሰው ብሎ ከሥራው ቀርቶ ጅዳ የሚሄድ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። እንባዋን በአባያዋ እጅጌ ጠርጋ ሄደች። እኔ የወንበር ልብሴን ሳላስጨርስ ነጥቄ ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የተናደድኩት፤ አንድ ሰው ለራሱ ንጹሕ ሆኖ ለመቅረት የሌላውን ሰው እናት ደጅ ያሳድራል ወይ ብዬ።

በማግስቱ ማታ ኻላ ሰዒዳ፣ አክስቴ ብለን የምንጠራቸው የዓም ሐሩን ባለቤት፣ ሁላችንንም ሩሰይፋ ወዳለው ቤታቸው ጠሩን። ኻላ ሰዒዳ ሰው ተጣልቶ ማደር አይወዱም። ዓሣ ጠብሰው ነበር። አብዱ ሥራ ቆይቶ እንደመጣ ሲሚንቶ የነጣ እጁን ታጥቦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፎዚያ ዓሣውን አልነካችም። ዓም ሐሩን «ብዪ እንጂ» ሲሏት ያፈነችው ሁሉ ወጣ።

«የአባትዎን ቤት የወሰደባችሁ የምስክር አፍ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አለች። «የኔንም ቤት የሚወስድብኝ የምስክር አፍ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? ይንገሩኛ!»

እኔ በልቤ፣ አበጀሽ፣ አልኩ። ዓም ሐሩን የያዙትን ቁራሽ መልሰው አስቀመጡት።

«ልዩነቱን እኔም ስፈልገው ነው የዋልኩት» አሉ። «አላገኘሁትም ልጄ።»

ይህን መልስ ማናችንም አልጠበቅንም። በዚህ መሐል ኻላ ሰዒዳ ተነሥተው የዓሣውን ሳህን ከፊቷ አራቁና፣ አጠገቧ ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ስንት ወርሽ ነው?»

ፎዚያ ደነገጠች። መጀመሪያ ያየችው ኻላ ሰዒዳን ሳይሆን አብዱን ነው። አብዱ አልገባውም፤ ከሁላችን በኋላ ነው የገባው።

«እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ነው» አለችው። «ወላሂ ልነግርህ ነበር።»

አብዱ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደጋግሞ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ዓም ሐሩን ናቸው፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ድምፃቸው የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ እሁድ ሄጄ ያላገባች ናት ብዬ ብፈርም፣ በሆድሽ ያለውን ምን ብዬ ልጥራው? ይሄ ሳዑዲ ነው። ሐኪም ቤት ስትገቢ ባልሽ ማነው ይሉሻል። ባል የለኝም ያልሽበት ወረቀት ግን አለ፤ የኔም ስም ሥሩ ላይ አለ። ቤቱ ይገዛል። ልጁስ?»

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ምክር የሰጧት ሰዎችም አላሰቡትም። ወረቀቱን ለቤት ብቻ የሚያገለግል፣ ካርታው እጅ ሲገባ የሚጣል ነገር አድርገን ነው ያየነው።

«እሄዳለሁ» አለ አብዱ።

«ትያዛለህ!»

«ልያዛ። አባት የለውም ተብሎ ልጄ ከሚጻፍ፣ እኔ ብያዝ ይሻላል።»

ፎዚያ ወደ ዓም ሐሩን ዞረች። «ቢያዝብኝ በአንቱ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም «በኔ ነው» አሉ፤ አልተከራከሩም።

እሁድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወጣን። ኢቃማ የሌለው ሰው መጫን ለኔም ጦሱ ቀላል አይደለም፤ ብያዝ መኪናዬ ትወሰዳለች፣ እኔም እከሰሳለሁ። ስለዚህ ጅዳ እስክንገባ ድረስ በውስጤ ቁርአን ስቀራና ዓም ሐሩንን ስረግም፣ አንዱን ከአንዱ ሳቀላቅል ነበር። አብዱ የኔን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ዓም ሐሩን ከኋላ አጠገቡ ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ እጁን ይዘውታል፤ ልጁም አልከለከላቸውም። የፍተሻውን ቦታ በተቃራኒው መንገድ ስናልፈው ወደ መካ የሚገቡት መኪኖች ተሰልፈው ይታዩ ነበር። ማናችንም ወደዚያ አላየንም።

ቆንስላው ውስጥ ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ሴት ናት፤ ትሕትና ነበራት። የአብዱን ፓስፖርት አየች፣ የሁለታችንን ኢቃማ አየች፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባት፣ ጋብቻቸው ሲፈጸም በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ» አሉ ዓም ሐሩን፤ መስኮቱ ጋ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «መንሱር ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ነው። የዚያን ቀን መካ ላይ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ደረጃው ውኃ ሞልቶታል። አባቷ ከሐርቡ በስልክ ናቸው የሰጧት። መህር አድርጎ የሰጣት አንድ የብር ቀለበት ነው፤ ከቁርአንም ሱረቱል ሙልክን ሊያስቀራት። በሩ ላይ ቆሜ ወደሽ ነው አልኳት። ወድጄ ነው አለችኝ። ሰምቻለሁ።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያዳምጥ ነበር።

«ይኼ ሁሉ እንኳ አያስፈልግም አባት» አለች የመስኮቷ ልጅ ፈገግ ብላ።

«ለመዝገቡ ላያስፈልግ ይችላል» አሉ። «ልጆቹ እንዲሰሙት ነው።»

ፎዚያ አንገቷን ደፍታ ቀለበቷን ታዞር ነበር። የመስኮቷ ልጅ ቤቱ በማን ስም እንደሚሆን ስትጠይቅ፣ ፎዚያ በላቧ የምትገዛው ቤት ነውና «በኔ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። «በሁለታችን» አለች። አብዱ ቀና ብሎ አያት። ማህተሙ ተመታ፣ እኛም ፈረምን፣ ወጣን። ውክልናው ለወንድሟ የሚላክ ነው፤ የጋብቻውን ማስረጃ ግን ፎዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አብዱ ከኛ ጋር አልተመለሰም። «በናንተ ላይ አደጋ አልጥልም» ብሎ ጅዳ ካሉ የአገሩ ልጆች ዘንድ ቀረ፤ ቀኑ ሲመቸው ሊመጣ። ሳምንት አልሞላውም። የቀን ሥራ የሚጠበቅበት ማዕዘን ላይ እንደቆመ ከሌሎች ጋር ተያዘ። ሹመይሲ ካለው የስደተኞች ማቆያ ለአንድ ደቂቃ ደወለላት፤ ደህና ነኝ አላት፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ።

ፎዚያ አልጮኸችም። ወደ ደረጃው ሥርም አልመጣችም፤ ዓም ሐሩንን መንገድ ላይ ስታገኛቸው ሰላም ብላ ታልፋለች፣ አትቆምም። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሻንጣ የሚያሠሩት ሰዎች እያዩኝ፣ «ያን ጊዜ ዝም ብለው ቢፈርሙ ኖሮ አብዱ ዛሬ መንሱር ነበር!» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ። «ነበር። እሱንም እመሰክራለሁ።»

ምን ይባላል ለእንደዚህ ዓይነት ሰው? ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ ወደ አብዱ ክፍል ሄደው ልብሱን፣ ጫማውንና ምላጩን ሰብስበው አመጡ። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ አንድ ደህና ሻንጣ ነበራቸው፤ አዲስ ዚፕ ገጠሙለት፣ መያዣውን ጠገኑት፣ ዕቃውን እያጠፉ አስገቡና ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላኩት። በዚያ ሰሞን ለኒካሕ ሲጠሯቸው አልሄዱም። ሰዎች ታመው ነው አሉ። አልታመሙም፤ አዝነው ነው። እኔ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ስፌት ላይ ሳሉ እንባቸው ሻንጣው ላይ ሲወርድ አይቻለሁና።

አብዱ ተጠርዞ ኮምቦልቻ የገባው ቤቱ በተፈረመ በሰሞኑ ነው። ካርታው ላይ ስሙ ስላለ የሚያስገባው አላጣም። አማቱን ከተጠጉበት ቤት አውጥቶ እዚያ አስገባቸው፤ አሁን አንዱ ክፍል የሳቸው ነው፣ አንዱ የሱ። ቤቱ አለ፣ ባልየው ቤቱ ውስጥ አለ፣ እናት ቤቱ ውስጥ አሉ። ያንን ቤት የገዛችው ልጅ ግን ሩሰይፋ ናት።

ምጧ ሲመጣ መዳሟ የደወለችው ለኔ ነው፤ እኔም ኻላ ሰዒዳንና ዓም ሐሩንን ጭኜ ወሰድኳት። ዓም ሐሩን ልምጣ አላሉም ነበር፤ ኻላ ሰዒዳ ናቸው በግድ ያስገቧቸው። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ዓም ሐሩን ያሉት ጥያቄ ሆነ፤ «ባልሽ ማነው? የት ነው?» ፎዚያ እያማጠች ከቦርሳዋ የጋብቻውን ወረቀት አወጣች። መዝጋቢዋ ማህተሙን አየች፣ የአብዱን ስም ጻፈች፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ዓም ሐሩን መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ፎዚያ በአልጋው እየተገፋች በአጠገባቸው ስታልፍ ዓይኗን አላነሳችም፤ እጇ ግን ወጥቶ የጀለቢያቸውን ጫፍ ነካ አደረገ።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ረውዳ። ኻላ ሰዒዳ ጠቅልለው አቀፏት። ሕፃን ሲወለድ ቀኝ ጆሮው ላይ አዛን የሚያሰማው አባት ነው፤ አባት ከሌለ ደግሞ በአጠገቡ ያለ ታላቅ ሰው። ኻላ ሰዒዳ ወደ ባላቸው አዩ። ዓም ሐሩን ጉሮሮአቸውን ጠራርገው ቀረብ ሲሉ ፎዚያ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«አንቱ አይደሉም» አለች።

ቀዝቅዘው ባሉበት ቆሙ። እኔም ደነገጥኩ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁን ከፈተችው፣ ከዚያም ወደሳቸው ዘረጋችው።

«ስልኩን አንቱ ይያዙልኝ።»

ዓም ሐሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ጎንበስ ብለው ከሕፃኗ ቀኝ ጆሮ አጠገብ ያዙት። መጀመሪያ የሰማነው የአብዱን ድምፅ አልነበረም፤ ዝናብ ነበር። ኮርኒስ ባልተሠራለት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ ክፍሉን የሞላ የኮምቦልቻ ዝናብ። ፎዚያ የገዛችውን ቤት ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ከዝናቡ ውስጥ አብዱ አዛኑን ጀመረ። መሐል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ መልሶ ደወለና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አዛኑ እስኪያልቅ ድረስ የዓም ሐሩን እጅ አልተነቃነቀም። ሲጨርስ ከዚያ ማዶ ጥያቄ መጣ።

«ሰማች?»

ዓም ሐሩን ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ሰምታለች ልጄ» አሉ። «እኔ ምስክር ነኝ።»